አማቴ ካስት አይረን መጥበሻዬን በሽቦ ፈትገው አነጧት፤ ትድናለች?

ሰሊ_ሜሪላንድ
ሰላም ለዚህ ቤት። ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ሎጅ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠራት፣ 12 ኢንች የሆነች የካስት አይረን (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) መጥበሻ አለችኝ። ጥብሱም እንቁላሉም ዓሣውም እሷ ላይ ነው የሚሠራው። ጠቁራ፣ አብረቅርቃ፣ እንቁላል ራሱ ሳይይዝ ይነሳባት ነበር። አማቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን መጥተው፣ እኔ ሥራ ስውል «ይሄን ሁሉ ጥላሸት ተሸክማችሁ ነው እንዴ የምትበሉት» ብለው በሽቦና በሳሙና ፈትገው ፈትገው ግራጫ አድርገው አስቀመጡልኝ። ምን ይባላል? ቅንነት ነው። «እግዜር ይስጥልኝ እማዬ» ብዬ ዝም አልኩ። ውኃዋ ሳይደርቅ ተደፍታ ስላደረች ደግሞ ጠዋት ዝገት ለብሳ አገኘኋት።

ባሌ «ጣያትና ሌላ ግዢ» ይላል። እኔ ግን አልቆረጠልኝም። የምጠይቃችሁ፣ እንደ ድሮዋ ትመለሳለች ወይ? ያበላሻት ሳሙናው ነው ሽቦው? ደግሞ ወጥ ይሠራባታል አይሠራባትም በሚለው ላይ ሰው ሁሉ የተለያየ ነገር ነው የሚነግረኝ። የምታውቁ እስቲ።

ባለጓሮው
አትጣያት! ካስት አይረን አለቀለት የሚባለው ሲሰነጠቅ ነው። ዝገት ላይ ላዩን ነው።

መጀመሪያ ዝገቱን በዚያው ሽቦ ፈትገሽ አስለቅቂ፤ አማትሽ የጀመሩትን ጨርሺው ማለት ነው። ዝገቱ እምቢ ካለ ነጭ አቼቶና ውኃ እኩል በእኩል ቀላቅለሽ ዘፍዝፊያት። ግን ረስተሻት እንዳትተኚ። በየግማሽ ሰዓቱ እያወጣሽ እያት፣ ምክንያቱም አሲዱ ዝገቱን ሲጨርስ ወደ ብረቱ ነው የሚሄደው። ከዚያ በሳሙና አጥበሽ፣ በፎጣ አድርቀሽ፣ ወዲያው ምድጃ ላይ ጥደሽ እርጥበቱ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ አሙቂያት። ፎጣ ብቻውን አይበቃም፣ እርጥበት ይቀራል።

ቀጥሎ ማሟሸት ነው። ዘይት ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳን አይሞላም። ውስጧን፣ ጀርባዋን፣ እጀታዋን ቀቢያት። አሁን ዋናው ነገር መጣ። በንጹሕ ጨርቅ ዘይቱን ሁሉ መልሰሽ ጥረጊው፤ ምንም ያልቀባሻት እስኪመስልሽ ድረስ። ሰው እዚህ ጋ ይሳሳል፣ «ዘይት ከበዛ ይበልጥ ትለሰልሳለች» ብሎ ይተወዋል፣ ከዚያ ተጠራቅሞ የሚያጣብቅ ነገር ይሆንበታል። ኦቨኑን 450 ፋራናይት አድርጊ፣ በሴልሺየስ 230 ገደማ ነው። መጥበሻዋን ድፊያት፣ ከስሯ ፎይል አንጥፊ። አንድ ሰዓት ትቆይና እዚያው ውስጥ ትቀዝቅዝ። ሦስት አራት ጊዜ ድገሚው። መስኮት ክፈቺ፣ አለበለዚያ የጭሱ ማስጠንቀቂያ ጎረቤቱን ሁሉ ይቀሰቅስልሻል።

የቄራ ልጅ
ድሮ «ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ» ነበር። እዚህ ቤት ደግሞ ለአማት ሲባል መጥበሻዋ ትለፍ ሆነ፣ ሃሃሃ።

ኡሙ_ሐናን_ዱባይ
እኔ የማውቀው ካስት አይረን ሳሙና አይነካውም ነው። በቃ። እዚህ የህንዶቹ ሱቅ ታዋ የሚባለውን የቂጣ መጋገሪያቸውን ሲሸጡልሽ ራሳቸው ይነግሩሻል፣ ሙቅ ውኃና ደረቅ ጨው ብቻ። ደረቅ ጨው ነስንሰሽ በጨርቅ ታሽዋለሽ፣ የያዘው ሁሉ ይነሳል። ሳሙና ያስገባሽ ቀን ድካምሽ ሁሉ ገደል ገባ።

ባለጓሮው
ኡሙ ሐናን እህቴ፣ የጨው ነገር ልክ ነሽ፣ እኔም እሱን ነው የምጠቀመው። የሳሙናው ነገር ግን የድሮ ነው። ያኔ ቤት የሚሠራው ሳሙና ውስጥ ኮስቲክ ሶዳ ይቀር ነበር፣ እሱ ደግሞ ይህን ጥቁር ሽፋን አውልቆ ነው የሚጥለው። የዛሬው ላርጎ ውስጥ ያ ነገር የለም። መጥበሻው ላይ ያለውም ዘይት አይደለም፣ ዘይት ነበር። በሙቀት ተያይዞ ጠንካራ ሽፋን ሆኗል። ላርጎ ቅባትን ያነሳል፣ ያን ሽፋን ግን አያነሳም። የሰሊን መጥበሻ ያራቆታት ሽቦው ነው፣ ያዛጋት ደግሞ ሳትደርቅ ማደሯ።

ሦስት ነገር አይደረግም፤ ዲሽዋሸር ውስጥ ማስገባት፣ ሲንክ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ እርጥብ አድርጎ ማስቀመጥ። በስፖንጅና በጥቂት ሳሙና ቶሎ ታጥቦ ቶሎ ቢደርቅ ምንም አይሆንም።

ኡሙ_ሐናን_ዱባይ
እሺ ልትል ትችላለህ፣ እኔ ግን በጨዬ እቀጥላለሁ።

ጋሽ ብረቱ
ልጆች፣ እኔ ጡረታ እስክወጣ ብረት ማቅለጫ ውስጥ ነበርኩ። የብረቱን ጠባይ ካወቃችሁ እንክብካቤው ራሱ ይገባችኋል ብዬ ነው የምጽፈው።

ይህ ብረት ከ2 በመቶ በላይ ካርቦን አለበት፤ ብዙውን ጊዜ 3 በመቶንም ያልፋል። ካርቦኑ ስለበዛ ባነሰ ሙቀት ይቀልጣል። ንጹሕ ብረት ለመቅለጥ 1538 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲፈልግ ለዚህኛው 1200 ገደማ ይበቃዋል። ሲቀልጥም እንደ ውኃ ስለሚፈስ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ለማፍሰስ ይመቻል። እንግሊዛዊው አብርሃም ዳርቢ የብረት ድስትን በአሸዋ ቅርጽ የማውጣት ፓተንት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1707 ነው፤ ሥራው ዛሬም በመሠረቱ ያው ነው። አዲስ መጥበሻ ላይ ስትዳስሱት የሚሻክራችሁ የአሸዋው አሻራ ነው። የድሮዎቹ ፋብሪካዎች ውስጡን በማሽን ያለሰልሱት ነበር። የዛሬዎቹ ብዙዎቹ እንዳለ ይሸጡታል። መሻከሩ ግን ጉድለት አይደለም፣ ማሟሻውን ደህና አድርጎ ይይዛል።

የካርቦኑ ጉዳት ደግሞ ይህ ነው። አብዛኛው ካርቦን በብረቱ ውስጥ በስስ በስሱ ግራፋይት ሆኖ ይቀመጣል፣ በዚያ የተነሳ ብረቱ መተጣጠፍ አያውቅም፣ ይሰነጠቃል። የጋለ መጥበሻ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አታፍስሱ። «ቻ!» ሲል ደስ ይላል፣ አንድ ቀን ግን «ቋ!» ይላል። ከሲሚንቶ ወለል ጋርም አታጋጩት። የተሰነጠቀ ካስት አይረን በቤት ውስጥ አይጠገንም፣ በያጁም ብዙውን ጊዜ ይቸገራል።

ሙቀትም በውስጡ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። አሉሚኒየም ሦስት አራት እጥፍ ይፈጥናል። ለዚህ ነው መሃሉ እያረረ ዳሩ ገና የሚሆነው። በመካከለኛ እሳት አምስት፣ አሥር ደቂቃ አስቀድሞ ማሞቅ ነው መድኃኒቱ። አንዴ ከጋለ በኋላ ግን ክብደቱ ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ ሥጋ ሲጣልበት ቶሎ አይበርድም።

ሚኪ_ሲያትል
ጋሼ ክብረት ይስጥልኝ፣ ይህን የሚነግረን አጥተን ነበር። አንድ ጥያቄ። ሙቀት ይይዛል ካሉ የኔ ጥብስ ለምንድነው ሁሌ ውኃ የሚያወጣው? ጥብስ ልሠራ ቅቅል ይሆናል።

ጋሽ ብረቱ
ስንት ኪሎ ሥጋ ነው አንዴ የምትከምርበት?

ሚኪ_ሲያትል
እንግዳ ሲኖር ሁለት ኪሎ ይሆናል።

ጋሽ ብረቱ
ታዲያ ልጄ፣ ብረት ነው እንጂ ተአምር አይደለም። በሦስት በአራት ከፍለህ ጥበስ። ሥጋው እርስ በርሱ እንዳይነባበር፣ የመጀመሪያው ዙር መልክ ሲይዝ አውጥተህ ቀጣዩን። ሽንኩርቱንም ለብቻው፣ መጨረሻ ላይ አገናኛቸው።

ትርሲት_ካልጋሪ
እኔ የዘይቱን ነገር ልጠይቅ። አንዱ ተልባ ይላል፣ አንዱ አቮካዶ ይላል፣ አንዷ ጓደኛዬ ደግሞ በንጥር ቅቤ አሟሽታ ቤቷ ለሳምንት ኮረሪማ ኮረሪማ ሲሸት ከረመ። የትኛው ነው ትክክሉ?

ባለጓሮው
ቅቤ አይሆንም። ያልጠነከረው ቅባት ሲቆይ ይጎመዝዛል፣ ቅመሙ ደግሞ ያራል። ቅቤው ምግቡ ላይ ይሁን።

ተልባ እ.ኤ.አ. 2010 አካባቢ በይነመረቡን ያጥለቀለቀ ምክር ነው። እውነት ነው በጣም ጠንካራና የሚያምር ሽፋን ይሰጣል። የሚሰነጠቀውም ግን እሱ ነው። አንድ ቀን ወጥ ስታማስይ ጥቁር ቅርፊት ተልጦ ምግቡ ውስጥ ታገኛለሽ። ለግድግዳ ጌጥ ከሆነ ተልባ፣ ለሥራ ከሆነ ተራ የሱፍ ወይም የካኖላ ዘይት። ሎጅ ራሱ ፋብሪካው ውስጥ የሚቀባው የአኩሪ አተር ዘይት ነው። ያልተሟሸ መሸጥ ትቶ አሟሽቶ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ኩባንያው ግን እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ ቴነሲ ውስጥ ሳውዝ ፒትስበርግ የምትባል ትንሽ ከተማ ነው ያለው። ማለት የምፈልገው፣ ከመቶ ዓመት በላይ ሰው ገዝቶ ቤቱ ወስዶ ራሱ ነበር የሚያሟሸው። ሮኬት ሳይንስ ቢሆን ኖሮ የአላባማ ገበሬ ሁሉ እንቁላል ሳይበላ በቀረ ነበር።

እትዬ ዘነቡ
እኔ ደግሞ የምትሉት ሁሉ ያስቀኛል። አዲስ የሸክላ ምጣድ ገዝተን ስናመጣ እኮ ጎመን ዘር እየነሰነስን፣ በማሰሻ እያሸን፣ እሳት እየጨመርን ጥቁር እስኪል ድረስ እናሟሸው ነበር። ያልተሟሸ ምጣድ ላይ ሊጥ ያፈሰሰች ሴት እንጀራዋን በቢላ ፍቃ ነው የምታወጣው። ካሟሸን በኋላም እንጀራ በወጣ ቁጥር በማሰሻ እናስሰዋለን። ማንም ምጣድ በሳሙና ሲያጥብ አይቼ አላውቅም። አማትሽ ይህን ያጡታል ብዬ አላምንም፤ ብረት ሲያዩ ድስት መሰላቸው። «እማዬ፣ ይህቺ ምጣድ ናት» በያቸው፣ ሁለተኛ አይነኳትም።

ትርሲት_ካልጋሪ
እትዬ ዘነቡ እንዴት አንጀቴን አራሱኝ! ጎመን ዘር እዚህ ባገኝ በሱ ባሟሸው ደስታዬ ነበር።

ባለጓሮው
ካኖላ እኮ የጎመን ዘር ዘመድ ነው ትርሲት። ዝርያው አንድ ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ሳታውቂው ከእትዬ ዘነቡ ጋር ተስማምተሻል። አገር ቤት ላላችሁ ደግሞ የኑግ ዘይት ጥሩ ነው። ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው የበዛበት ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል፣ ለቀለም ሥራ ሁሉ ይውላል። ዘይት ቶሎ ደረቀ ማለት ቶሎ ሽፋን ሆነ ማለት ነው።

ቤቲ_የወጥ_ቤት
የወጡን ጥያቄ ማንም አልመለሰላትም። እኔ ልመልስ። ቁሌት ይቻላል፣ እንዲያውም ሽንኩርት ቀስ ብሎ እንዲበስል ይህን የመሰለ የለም። ችግሩ ቲማቲምና አሲድ ነው። ቲማቲም የበዛበት ወጥ፣ ሎሚ፣ አቼቶ፣ ወይን ጠጅ ረዥም ሰዓት ሲንተከተክበት አዲሱን ሽፋን ይበላዋል፣ ምግቡም ብረት ብረት ይላል። ቆየት ያለ፣ ደህና የተሟሸ መጥበሻ ከሆነ ቲማቲም ፍርፍርም ሆነ ስልስ ለሃያ ደቂቃ ምንም አይለውም። ለሁለት ሰዓት ግን አይሆንም። ወጡንም ሲያልቅ ገልብጡት፣ እዚያው ውስጥ አታሳድሩት። የኛ ሰው «ወጥ ሲያድር ነው የሚጥመው» ብሎ ድስቱን እንዳለ ፍሪጅ ይከታል፣ እሱ እዚህ ጋ አይሠራም።

ለዶሮ ወጥ ከሆነ ኢናሜል የተቀባውን ግዙ። ብረቱ ያው ነው፣ ላዩ ላይ ግን እንደ ብርጭቆ ያለ ሽፋን አለው። አይዝግም፣ መሟሸት አይፈልግም፣ አሲድ አይፈራም። ፈረንሳዊው ኩባንያ ለ ክሩዜ እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ ነው የሚሠራው፣ ዋጋው ግን ያስደነግጣል። ርካሾቹም ሽንኩርት ያበስላሉ። በብረት ማንኪያ አትፋቁት፣ ባዶውንም እሳት ላይ አትተዉት። የኢናሜሉ ውስጥ ከተላጠ ጡረታ አውጡት።

ሰሊ_ሜሪላንድ
ሁላችሁም ተባረኩልኝ። ዝገቱ ለቀቀ። ሁለቴ ኦቨን አስገብቻታለሁ፣ ቡናማ ነገር ሆናለች፣ ገና አልጠቆረችም። አንድ ጥግ ላይ ደግሞ ያጣብቃል። አማቴም አጠገቤ ተቀምጠው እያዩ ነው፣ የእትዬ ዘነቡን ሳነብላቸው «እንዲህ ብትይኝ ኖሮ» ብለው ሳቁ።

ባለጓሮው
ቡናማ መሆኗ ትክክል ነው፣ በሥራ ትጠቁራለች። የሚያጣብቀው ጋ ዘይት በዝቶ ነው። ዘይት ሳትጨምሪ አንድ ሰዓት በ450 መልሻት። ካልሆነ እዚያን ቦታ ብቻ ፈግፍገሽ እንደገና ቀቢ። ከዚያ በኋላ ኦቨኑን ተዪውና አብስዪባት፤ ድንች ጥበሺባት፣ ቂጣ ጋግሪባት። እንቁላል አሁኑኑ አትሞክሪ፣ ትናደጂያለሽ።

ሕይወት_ነርስ
ከጤናው በኩል ትንሽ ልጨምር። ብረት ድስት ብረት ይሰጣል የሚባለው ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ፣ የተሠራውም እኛው አገር፣ ሰሜን ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ከ2 እስከ 5 ዓመት የሆናቸው ከ400 የሚበልጡ ልጆች ነበሩበት። ቤተሰቦቻቸው በዕጣ ተከፍለው ለአንዱ ወገን የብረት ድስት፣ ለሌላው የአሉሚኒየም ድስት ተሰጠ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሲለካ በብረት ድስት የተሠራውን የበሉት ልጆች ሄሞግሎቢናቸው (ብረት ያለበት የደም ክፍል) ከሌሎቹ የበለጠ ጨምሮ ተገኘ።

እንግዲህ ይህን ሰምታችሁ የታዘዘላችሁን ኪኒን እንዳትተዉ። ምግብ ውስጥ የሚገባው መጠን በጣም ይለያያል። እርጥብ፣ ጎምዛዛና ረዥም ሰዓት የበሰለ ምግብ ብዙ ይወስዳል። በደንብ በተሟሸ መጥበሻ ላይ ቶሎ የተጠበሰ እንቁላል የሚወስደው ጥቂት ነው። ሰውነታቸው ብረት የሚያጠራቅም ሄሞክሮማቶሲስ የሚባል በሽታ ያለባቸው ደግሞ ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ በዚህ ዕቃ ባያዘወትሩ ይሻላል።

የቄራ ልጅ
ስለዚህ ቤቲ አትቀቅሉበት ያለችው ቲማቲም ነው ብረቱን የሚያወጣው? እናንተ ሰዎች ተስማሙልን!

ሕይወት_ነርስ
ሃሃ፣ አዎ፣ ለደሙ የሚጠቅመው መጥበሻውን ይጎዳዋል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ጥናቱ ላይ የነበረው ድስት ለእንቁላል አልነበረም።

ማርታ_ዳላስ
የምጠይቀው ነገር ትንሽ ያሳፍራል፣ ግን ብቻዬን አይመስለኝም። ካስት አይረን ከአሮጌ ዕቃ ቤት በርካሽ ይገኛል። ግን እዚህ ቴክሳስ ሰዉ ቤከን ሲጠብስበት የኖረ ነው የሚሆነው። የአሳማ ስብ የገባበትን ብረት እንዴት ቤቴ አስገባለሁ? ሌላው የጾም ነገር ነው። ሥጋ የጠበስኩበትን በዐቢይ ጾም ሽሮ ላሞቅበት እችላለሁ?

ኡሙ_ሐናን_ዱባይ
ጥያቄው አያሳፍርም እህቴ፣ እኔም በዚሁ ምክንያት አዲስ እንጂ አሮጌ አልገዛም።

ባለጓሮው
ሃይማኖቱን ለባለቤቶቹ ልተውና ስለ ብረቱ ልናገር። ብረት እንደ ሸክላ አይመጥም። ያለው ነገር ሁሉ ላዩ ላይ ያለው ሽፋን ነው። ሽፋኑን ሙሉ በሙሉ አውልቀሽ ብረቱን ብቻ ማስቀረት ትችያለሽ። ኮስቲክ ሶዳ ያለበትን የኦቨን ማጽጃ ትነፊበትና በወፍራም የፕላስቲክ ከረጢት አስረሽ አንድ ሁለት ቀን ታቆዪዋለሽ። ጓንት አድርጊ፣ ዓይንሽን ሸፍኚ፣ ልጆች እንዳይደርሱበት፣ ውጭ ወይም ጋራዥ ውስጥ ይሁን። ጥቁሩ ሁሉ እንደ ጭቃ ታጥቦ ይወርዳል። ከዚያ እንደ አዲስ ታሟሺዋለሽ። አንዳንዱ ኦቨኑን ራሱን በሚያጸዳበት ሙቀት ያቃጥለዋል፣ ወይ ከሰል ውስጥ ይከተዋል። እሱ ሊያጣምመው ሊሰነጥቀውም ይችላል፣ አልመክርም።

ዓለሙ_አሽዶድ
እኛ ጋ እንዲህ ያለ ብረት በእሳት ማጋል ሊቡን ይባላል፣ ያገለገለ ዕቃ ካሸር፣ በአይሁድ ሕግ የተፈቀደ፣ ለማድረግ ማለት ነው። ግን ረቢ ሳይጠየቅ አይደረግም፣ በምን እንደተጠቀምክበት ይለያያል። እኛ ቤት ደግሞ የሥጋው ሌላ፣ የወተቱ ሌላ ነው። ካስት አይረን ሁለት መግዛት ጀርባን ያደክማል እንጂ ኪስ አይጎዳም።

ቤቲ_የወጥ_ቤት
ማርታ፣ ለጾሙ እኔም ያደረግሁት ያንን ነው። ሁለት ነው ያለኝ። ትልቁ ለፍስክ፣ ትንሹ ለጾም፣ ትንሹ ላይ ከዘይት ሌላ ነገር አርፎበት አያውቅም። ባሌ «ቅባቱ እኮ ተቃጥሎ ሌላ ነገር ሆኗል» ብሎ ሊያስረዳኝ ይሞክራል፣ እውነቱን ሊሆን ይችላል፣ እኔ ግን ሽሮዬ ላይ የጥብስ ሽታ ከመጣ ልቤ ይከፈላል። አንድ ብቻ ካለሽ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፣ እኛ ምን አገባን።

ዮናስ_ሽቱትጋርት
የኔ ምድጃ ላዩ መስታወት ነው። ይሰብረዋል ብዬ እስካሁን አልገዛሁም። በማግኔት ኃይል ዕቃውን ራሱን የሚያግለው ኢንዳክሽን ምድጃ ላይስ ይሠራል?

ጋሽ ብረቱ
ኢንዳክሽን የሚፈልገው ማግኔት የሚይዘውን ነው፣ ይህ ደግሞ በደንብ ይይዛል። መጨረሻው ላይ አድርገህ አትለኩሰው እንጂ። ከስር ያለው ሽቦ የሚደርስበት ቦታ ብቻ በአንዴ ግሎ ዳሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ብረቱ ይጨነቃል፣ ሊጣመምም ሊሰነጠቅም ይችላል። ዝቅ አድርገህ ጀምር፣ ከዚያ ጨምር። መስታወቱ ላይ ደግሞ አንሳው እንጂ አትጎትተው። የ12 ኢንቹ ክብደት ሦስት ኪሎ ተኩል ያህል ነው፣ ከእጅህ ካመለጠ መስታወቱ አይችለውም።

ዮናስ_ሽቱትጋርት
አመሰግናለሁ ጋሼ። እንግዲያውስ በሁለት እጅ ነው የማነሳው።

የጀበና_ልጅ
ቡና ማንም አላነሳም! ካስት አይረን ለቡና መቁያ አንደኛ ነው። ፍሬው እኩል ይቆላል፣ ሙቀቱ አይዋዥቅም። ግን ለቡናው የራሱን ስጡት። ሽንኩርትና በርበሬ የከረመበት ላይ ቡና ከቆላችሁ አቦሉ ወጥ ወጥ ይላል። ደግሞም እሳቱን ካጠፋችሁ በኋላ ብረቱ ሙቀቱን ስለሚይዝ ቡናው መቆላቱን ይቀጥላል፤ ትንሽ ቀደም ብላችሁ አውርዱና ወዲያው ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጡት። ቆሎም ላይ ያው ነው።

ሰላም_ሚኒያፖሊስ
እንጀራስ? የሞከረ አለ? ሎጅ ሰፋ ያለ የፒዛ ምጣድ አለው አሉ።

ቤቲ_የወጥ_ቤት
ሞክረናል። ቂጣ፣ አምባሻ፣ ጨጨብሳ፣ ሁሉም ያምርበታል። እንጀራ ግን ጋሽ ብረቱ ያሉት ነገር ይመጣል፣ መሃሉ ዓይን ሲያወጣ ዳሩ ጭፍን ይላል። የምድጃው እሳት ከምጣዱ ስለሚያንስ ነው። ኦቨን ውስጥ አግለሽ ካወጣሽው ይሻላል፣ ግን ለሁለት እንጀራ ያን ሁሉ ልፋት? አንቺ ደግሞ ሚኒሶታ ሆነሽ! ኖርዌጂያኖቹ ልፍሰ ለሚሉት ቂጣቸው የሚጠቀሙበት ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ እኮ እዚያው ጎረቤታችሁ አይዋ ነው የሚሠራው። አሜሪካ ያለ ግማሹ ሐበሻ እንጀራ የሚጋግረው በሱ ነው። አሉሚኒየም ስለሆነ ሙቀቱ እኩል ነው።

ማርታ_ዳላስ
ኮስቲክ ሶዳውን ሞክሬ አሮጌ ልገዛ ወስኛለሁ። ምን ዓይነት ልፈልግ? አንዱ ቦታ ጀርባው ላይ መስቀል ያለበት ክብና «ኢሪ» የሚል ጽሑፍ ያለው አይቻለሁ፣ ቁጥር 8 ይላል፣ ስፋቱ ግን 8 ኢንች አይመስልም።

ባለጓሮው
እንዳትለቂው! ግሪስዎልድ ነው። ፔንሲልቬንያ ኢሪ ከተማ ይሠራ የነበረ ነው፣ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1957 ተዘግቷል። ኦሃዮ ሲድኒ ይሠራ የነበረው ዋግነርም ጥሩ ነው። ሁለቱም ውስጣቸው ለስላሳ፣ ከዛሬዎቹ የቀለሉ ናቸው። ቁጥሩ ኢንች አይደለም። በድሮ የእንጨት ምድጃ ላይ የነበረውን ቀዳዳ መለኪያ የተከተለ ነው፣ ቁጥር 8 ከአፉ ወደ 10 ኢንች ተኩል ይሆናል።

ሳትገዢ በፊት ሁለት ነገር እዪ። ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ ጠርዙን ተጫኚው፣ ከተንገዋለለ ተጣሟል፣ መስታወት ምድጃ ላይ አይሆንሽም። ከዚያ በጣትሽ አንጠልጥለሽ በእንጨት ነገር መታ አድርጊው። እንደ ደወል ከጮኸ ደህና ነው፣ ድፍን ያለ ድምፅ ካለው ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል።

ጋሽ ብረቱ
አንድ ሌላ አደጋ አለ። እዚህ አገር ሰዎች ለዓሣ ማጥመጃና ለጥይት እርሳስ (ሌድ የሚባለውን ብረት) በአሮጌ መጥበሻ የማቅለጥ ልማድ ነበራቸው። እርሳስ መርዝ ነው፣ ለልጆች በተለይ፣ በማሟሸትም አይጠፋም። የሕንፃ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ የእርሳስ መመርመሪያ ገዝተሽ ውስጡን ፈትኚው። ቀለሙ ከተለወጠ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተይው።

ማርታ_ዳላስ
ይህንን ማን ይነግረኝ ነበር! መመርመሪያውን ይዤ እሄዳለሁ። ክዳንስ? ክዳን የለውም።

ባለጓሮው
የድሮው ክዳን ለብቻው ከመጥበሻው ይወደዳል፣ ሰብሳቢዎች ናቸው ያስወደዱት። የሎጅ 10 ከሩብ ኢንች የመስታወት ክዳን ሊቀመጥበት ይችላል፣ ግን በየዘመኑ የአፉ ስፋት ትንሽ ስለሚለያይ ሜትር ይዘሽ ሂጂና ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ለኪ።